የአራስ ቤት አየር

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። መገኘት ላልቻሉ አባላት እንዲደርስ በተነበበበት መልኩ ታትሟል።)



ባለፈው ወር ስብሰባችን መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ሰዓቱ አልቆብን ነበር። ጥያቄው ለአራስ መጠየቂያ የምንወስደው ነገር ይቀየር ወይስ እንዳለ ይቀጥል የሚል ነው። እንደምታውቁት አንዲት አባላችን ስትወልድ ማኅበራችን የገንፎ እህል፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እጣንና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይዞ ይሄዳል። ከሰሉ ይቅር ያሉ ነበሩ። «አራሷን ብርድ ይምታት እንዴ?» ያሉም ነበሩ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ሊቀ መንበራችን ጉዳዩን ለጤና ኮሚቴው ሰጡት። እኛም አዋላጅ ነርስ አነጋገርን፣ የሰፈራችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠየቅን፣ ያገኘነውን አነበብን፣ ፈቃደኛ የሆኑ አራሶችንም ቤታቸው ሄደን ጠየቅን። ዛሬ የምናቀርበው ያንን ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንበል። ከመካከላችን በከሰል ንግድ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ አሉ። በየቀኑ ምጣድ ሥር ተቀምጠው እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ አሉ። ብዙዎቻችን ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የወረዱ እናቶች ልጆች ነን፤ አንዳንዶቻችንም ራሳችን ተሸክመናል። ስለዚህ ስለ ጭስ ስናወራ እንደ ባዕድ አናወራም፤ በልተን ያደርነው በእሱ ነው። ማንንም ከሥራዋ ለማፈናቀል አልመጣንም። የመጣነው ገና አንድ ሳምንት ስላልሞላው ልጅ ለመነጋገር ነው።

የማዕድ ቤታችንን ግድግዳና ጣሪያ ያጠቆረውን ጥቀርሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓይን የሚታየው ግን የሚጎዳው አይደለም፤ እሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ያስነጥሰናል፣ እንተፋዋለን። አደገኛው የማይታየው ነው። ከዚያው ጭስ ጋር የሚወጣ፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 30 እጥፍ ያህል የሚያንስ ደቃቅ ብናኝ አለ። ሐኪሞች «ፒ.ኤም. 2.5» ይሉታል። ይህ ብናኝ እስከ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ቀን ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም ይላል። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ እንጨት ወይም ኩበት ሲነድ ግን መጠኑ ከሚፈቀደው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ይኸው ድርጅት ይናገራል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ እንደኛ አይተነፍስም። እኛ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስንተነፍስ እሱ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ሳንባው ገና እየተሠራ ነው። ዞር በል ቢሉት ዞር አይል፣ ጭስ በዛብኝ ብሎ ወደ ደጅ አይወጣ። ባስቀመጡት ቦታ ነው ያለው።

ቁጥሩን እንንገራችሁ፣ ብዙ አናበዛም። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለ ቀን መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ጭስ የሚል ምክንያት ወረቀት ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው «ክብደቱ ዝቅተኛ ነበር» ወይም «ያለ ቀኑ ተወለደ» ነው። ጭሱ ያለው ከዚያ ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም የአየር ሁኔታ ዘገባ እንዳሰላው በ2019 በዓለም ላይ አንድ ወር ሳይሞላቸው ከሞቱት ሕፃናት ወደ 476,000 የሚሆኑት ሞታቸው ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ከመንገድና ከፋብሪካ ሳይሆን ቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት ጋር። ግማሽ ያህሉ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የተወለዱ ናቸው። የአየር ብክለት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ዳገት የሚወጣ መኪና ነው። የኛ ሕፃናት መኪናውን ገና አላዩትም።

«ታዲያ ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ጭስ ምን ያደርገዋል? አይተነፍስ!» ብላ የጠየቀችን እህት አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም አዋላጇን ይህንኑ ጠየቅናት። መልሱ በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ድሮ እንግዴ ልጅ ሁሉን ነገር የሚያጣራ ወንፊት ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ቤልጅየም ውስጥ ሀሴልት ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እንግዴ ልጅ ሲመረምሩ በሕፃኑ በኩል ባለው ገጽ ላይ የጥቀርሻ ቅንጣቶች አገኙ። እናትየዋ የተነፈሰችው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከስኮትላንድ አበርዲን ጋር በተሠራ ጥናት በፅንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ ሳይቀር ተገኘ። እነዚያ አገሮች እንደኛ ማዕድ ቤት ውስጥ እንጨት የሚያነዱ አይደሉም፤ አየራቸው ከኛ ማዕድ ቤት ጋር ሲተያይ ንጹሕ ነው። ቅንጣቶቹ የእንግዴ ልጁን ደም ሥሮች ያስቆጣሉ፣ ለልጁ የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ልጁ በሚገባው ልክ አያድግም፣ ወይም 37 ሳምንት ሳይሞላው ይመጣል። ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የሚወለድ ልጅ ለብርድም ለበሽታም የተጋለጠ ነው።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ፤ ባለፈው ወር ያከራከረን እሱ ነውና።

ስለ ከሰል ሰፈራችን ውስጥ የተለመደ አባባል አለ፦ «ደጅ ላይ ቀልቶ ከገባ ችግር የለውም።» ግማሹ እውነት ነው። ገና ሲያያዝ የሚወጣው ጭስ ደጅ ላይ ይቀራል። ነገር ግን ከሰል ሲቀላ፣ ጭስ የሌለው ሲመስል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። የኛ አፍንጫ ከሚያውቀው ጭስ ውጭ ነው። በየክረምቱ «ከሰል አፍኗቸው አደሩ» የሚባለው እሱ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ነፍሰ ጡር ስትተነፍሰው ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ የፅንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ለመልቀቅም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እናትየዋ ራሷን አሟት ደጅ ወጥታ ሲሻላት፣ ልጁ ገና አልተሻለውም ማለት ነው።

ከጠየቅናቸው ቤቶች በአንዱ አራሷ የተኛችበት ክፍል አልጋ፣ ቁም ሣጥንና አንድ ዱካ የሚያክል ክፍት ቦታ ብቻ ያለው ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከሰል ማንደጃው ከአልጋው ሥር ነበር። ቡና ተፈልቶ እጣን ይጨሳል። ከመካከላችን ሁለታችን ዓይናችን እያለቀሰ ነበር የተቀመጥነው። አያትየዋን በጨዋ ደንብ «እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተውስ?» አልናቸው። «እናንተ ልጆች፣» አሉን፣ «እኔ በጭስ ውስጥ ዘጠኝ ወልጄ ስድስት አሳድጌያለሁ።» ማንኛችንም አልመለስንላቸውም። በኋላ ግን ራሳቸው ተነሥተው ማንደጃውን ወደ በራፉ አወጡት።

አያትየዋ ስለ ብርዱ ያሉት ግን ልክ ነው፤ በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነን። ከእንጦጦ ግርጌ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ ቀላል አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥም ይብሳል። አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፣ ያለ ቀኑ የመጣ ደግሞ ጭራሹን አይችልም፣ ብርድ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ «ከሰል አቁሙ» ብሎ ነገሩን እዚያ ላይ የሚተው ምክር ለአራስ አይጠቅማትም። ክርክሩም ባለፈው ወር አልቋጭ ያለው በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበር። የሚያስፈልገው ልጁን የሚያሞቅ፣ የማይጨስ ነገር ማግኘት ነው። እሱ ደግሞ አለ፤ ዋጋም የለውም። የእናትየዋ ደረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ብሎ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ያለ ቀናቸው የተወለዱትን ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ማስያዝ ጀመሩ። ካንጋሮ የምትባለው እንስሳ ልጇን በኪሷ እንደምትይዝ ስለሆነ የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። የእኛም አገር ሆስፒታሎች ይሠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተሠርቶ የወጣ ጥናት ከ1,800 ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው በዚህ ሁኔታ ሲያዙ ሞታቸው በአንድ አራተኛ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቤት ውስጥ ሲሆን እንዲህ ነው፦ ልጁ ዳይፐርና ኮፍያ፣ ካስፈለገም ካልሲ ብቻ ያደርጋል፤ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንገቱ ወደ ጎን ዞር ብሎ አፍንጫው ይታያል፤ በነጠላ ወይም በመቀነት ይታሰርና ከላይ ጋቢ ይደረባል። እናትየዋ ሲደክማት አባትየው ይተካል። ይህን ስንል የሣቃችሁ አላችሁ፣ እያየናችሁ ነው። ግን የአባት ደረትም ያሞቃል። በተጨማሪም ልጁን እንደተወለደ ማጠብ ይቅር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል። በዚያች የመጀመሪያ እጥበት በብርድ የሚመቱ አሉ።

ስለ እንጀራ ጋጋሪ አባሎቻችን ብዙ ልንቆይ እንፈልጋለን፤ የዚህ ጉዳይ ከባዱ ክፍል እዚህ ነው።

ነፍሰ ጡር ሆና በቀን አራትና አምስት ሰዓት እሳት ሥር የምትቀመጥ ሴት የምትተነፍሰውን ማንም የመንገድ ዳር ሰው አይተነፍሰውም። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን፣ ሰጋቱራው ሲያጨስ፣ እሳቱ ሲሞት ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ ምጣዱን ስታስስ፣ ፊቷ ከጭሱ ጋር ነው። ከመካከላችን አንዷ እስከ ምጧ ቀን ድረስ ጋግራለች። ለምን አላረፍሽም ስንላት የሰጠችን መልስ አጭር ነው፤ «ደንበኛው ሌላ ይይዛላ።» እውነቷን ነው። ሁለት ወር ካቋረጠች የሚጠብቃት የለም። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ጋጋሪ «ከጭስ ራቂ» ብሎ መምከር ብቻውን ስድብ ይሆንባታል። ከወለደች በኋላም ያው ነው፤ ልጁን የምትሰጠው ሰው ስለሌላት በአንቀልባ አዝላው ትጋግራለች፣ ያኔ ሁለቱም እኩል ይተነፍሱታል።

«የተሻሻለ ምድጃ ብንገዛስ?» የሚል ሐሳብም ነበር። ይህን በደንብ አየነው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራ ሲሆን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለኪስ ጥሩ ናቸው፣ ለዓይንም ይሻላሉ። ግን እንጨት መቆጠብና ጭስ ማጥፋት አንድ አይደለም። ጓቴማላ ውስጥ የጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ለቤተሰቦች ተሰጥቶ ሕፃናቱ ሲከታተሉ፣ የሳንባ ምች በአጠቃላይ በጉልህ አልቀነሰም፤ ኦክስጅን የሚያሳጣው ከባዱ ዓይነት ግን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ከዚያ የሚበልጥ ሙከራ ደግሞ በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሠርቷል። ለግማሾቹ የሲሊንደር ጋዝ ምድጃና ነዳጁ በነፃ ተሰጣቸው። የሚተነፍሱት ደቃቅ ብናኝ ከ70 ገደማ ወደ 24 ገደማ ወረደ። ልጆቹ ተወልደው ሲመዘኑ ግን በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ልዩነት 20 ግራም ገደማ ብቻ ሆነ፤ ይህም እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም።

ይህን ስናነብ ኮሚቴው ውስጥ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «እንግዲያው ድካማችን ለምን?» አልን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። እነዚያ እናቶች ጋዙን ያገኙት ከፀነሱ ከ9 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት በጭስ አልፈዋል። ቤታቸው ቢጸዳም ጎረቤታቸው ያነዳል። ቤጂንግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦሎምፒክ ጨዋታ ሲባል ከተማው በሙሉ መኪናና ፋብሪካ ሲቀንስ፣ ስምንተኛ ወራቸው በዚያ ወቅት ላይ የዋለ ሕፃናት በፊተኛውና በኋለኛው ዓመት በዚያው ወር ከተወለዱት በአማካይ 23 ግራም ከብደው ተወልደዋል። 23 ግራም ትንሽ ናት። ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው አየሩ የጸዳው፣ ያውም የሁሉም። እኛ ከዚህ የወሰድነው፣ አንዲት አባል ብቻዋን ምድጃ ብትቀይር ግቢው ውስጥ ሌሎች አምስት ማንደጃዎች እየነደዱ ብዙ መጠበቅ እንደማንችል ነው። ግቢ በግቢ መሆን አለበት። ከማርገዝም በፊት መጀመር አለበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ መፍትሔ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያላችሁም አላችሁ። አስቸጋሪው መብራት መጥፋቱ ብቻ አይደለም። የቤት አከራይ ነው። ከመካከላችን ሁለት አባላት ምጣድ ገዝተው «ቆጣሪ ትበላብኛለሽ» ተብለው በማዳበሪያ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስቀምጠውታል። ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ እልል አልን፤ እነዚያ ምጣዶች ግን ዛሬም አልጋ ሥር ናቸው። ይህን ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ማቅረብ ተገቢ ነው እንላለን፤ ደብዳቤውን እኛ እናረቃለን።

ስለ እጣን ስንናገር አንዳንድ እናቶች ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን። ቡና ያለ እጣን ይጎድለዋል፣ አራስ ቤት ያለ ቡና አይሆንም። ይቅር አላልንም። ቡናው በረንዳ ወይም በራፍ ላይ ይፈላ፣ እጣኑ እዚያው ይጨስ፣ ስኒው ለአራሷ ይግባላት። የወይባ ጭስ የምትሞቁም ብትሆኑ ልጁ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሰው እጅ ላይ ይሁን። ሰንደልን በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ አስተያየት አለን፦ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የዳይፐር ሽታ ለማጥፋት ሰንደል ከመለኮስ ዳይፐሩን ማውጣት ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ደግሞም ለማቆም ምንም ወጪ የሌለው፣ ከሰል በፌስታልና በሃይላንድ ማያያዝ ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ከእንጨት ጭስ የከፋ መርዝ አለው፣ ሽታውም ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል። በጭራሮ ወይም በወረቀት ይያያዝ። ኅዳር 12 ቀንም እንዲሁ። ኅዳር ሲታጠን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ በሽታን ለማባረር ተብሎ የመጣ ልማድ እንደሆነ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ያኔ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፕላስቲክ ነው። በዚያ ቀን ግቢያችን ውስጥ አራስ ካለች፣ ቆሻሻውን ጠርገን በማዳበሪያ አሥረን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እንስጥ፤ የአራሷም በርና መስኮት በዚያች ቀን ይዘጋ። በሌላው ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሲሆን፣ ልጁ ተሸፍኖ መስኮቱ ይከፈት።

አዋላጇ «ይህን ሳትናገሩ እንዳትወርዱ» ያለችንን እንናገር። ልጁ ተኝቶ ሳለ ደረቱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛም ያው ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም የሚያቃስት ከሆነ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቆመ፣ ወይም ሰውነቱ በጣም ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ይሂድ። ዳማከሴ የምች ነው፤ ይህ ሌላ ነው። ክርስትናው አልደረሰም፣ አርባው ወይም ሰማንያው አልሞላም ተብሎ ቤት የሚቆይበት አይደለም። እናትና ልጅ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ወይም መልፈስፈስ ካሳዩና ክፍሉ ውስጥ ከሰል ካለ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ወደ ደጅ አውጡ፣ ቀጥላችሁ ወደ ጤና ተቋም።

እንግዲህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸውና። ለአራስ ከሚወሰደው ውስጥ ከሰሉና እጣኑ ወጥቶ በዋጋው አንድ የልጅ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲና ልጁን ደረት ላይ ማሰሪያ የሚሆን ነጠላ ይገዛ። የገንፎ እህሉ፣ ቅቤውና ቡናው እንዳለ ይቀጥል። ማኅበሩ ሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ ገዝቶ ለአራሷ እስከ አርባ ቀን ያውሳት፤ ሙቅ ውኃና አጥሚት በየሰዓቱ እሳት ሳይያያዝ እንድታገኝ። ገንፎው በጎረቤት አባል ቤት ተገንፍቶ ይምጣላት። ለእነዚያ አርባ ቀናት እንጀራዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚጋግሩ አባሎቻችን ይገዛ፤ ሦስቱ በተራ ለማቅረብ ተስማምተዋል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ጋጋሪ ደግሞ ማርገዟን ለኮሚቴው ከነገረችበት ቀን ጀምሮ ከእሳቱ ተነሥታ ቆጠራውን፣ ማሸጉንና ማስረከቡን ትያዝ፣ ደንበኛዋም በስሟ ይቆይላት። በእሷ ምጣድ የምትተካው አባል የጋገረችበትን ትወስዳለች። ይህ በወረቀት መስፈር አለበት፤ በቃል ከሆነ ነገ ጥል ያመጣል። ምጣድ ለመግዛት ከቁጠባችን ያለ ወለድ ብድር ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ላይ ግን ኮሚቴው ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቻችን የቁጠባ ገንዘብ ያለ ወለድ መውጣቱ ለሌሎቹ አባላት አይገባም ብለናል። ስለዚህ ለእናንተ ትተነዋል።

ከሰል ለሚሸጡ አባሎቻችን፣ ማኅበሩ ለለቅሶና ለድግስ ድንኳን የሚገዛው ከሰል ከእነሱ መግዛቱ እንደሚቀጥል እዚሁ ውሳኔው ላይ ይጻፍ። ያ ደጅ ላይ ነው የሚነደው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ በተለመደው ቦታ ነው። ሐሳቡ የተጻፈበት ወረቀት በጸሐፊያችን እጅ አለ፤ ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ ወይም ወደ ማናችንም ኑ፣ እናነብላችኋለን። እስከዚያው ድረስ ሁለት አባሎቻችን በዚህ ወር መጨረሻ ይወልዳሉ ብለን እንጠብቃለን። ኮፍያ መሥራት የምትችሉ ክሩን ከገንዘብ ያዣችን ውሰዱ።